የቅሬው ድስትና ቀንዳሙ እንጨት

ሰኞ፣ መስከረም 24። ረፋድ።

እየፈገፈግኩ ነው። በሽቦ ብሩሽ። ጣቶቼ ተላጡ። ጭቃው ለቀቀ፣ አረንጓዴው ዝልግልግም ለቀቀ፤ ከሥር ዳለቻ ሆኖ ወጣ። የበሰበሰውን በቢላ ቆርቁሬ አወጣሁ። አንድ ቀንድ አውጣ ተኝቶበት ነበር። ይቅርታ ብዬው አጥሩ ሥር አስቀመጥኩት።

እንጨቱን ያገኘሁት ቅዳሜ ነው፣ ሐይቁ ዳር። የክረምቱ ውሃ ሲሸሽ ሸምበቆው ውስጥ ጥሎት ሄዷል። የምን ዛፍ እንደሆነ አላውቅም፣ ሥር ይመስላል። ተጠማዞ ሁለት ቀንድ አብቅሏል። ሀያት አብራኝ ነበረች። አየችውና ቀንድ አለው አለች። ቀኑን ሙሉ ለኔ የተናገረችው እሱን ብቻ ነው። ስለዚህ ይኼ እንጨት የግድ ሳሎን ያቆምኩት የዓሣ መስታወት ውስጥ ይገባል። ገባሽ ደብተር?

ሀያት ልጄ ናት። ሦስት ዓመቷ ላይ ለእናቴ ትቻት ጅዳ ሰው ቤት ልሠራ ሄድኩ፤ የተመለስኩት በቅርቡ ነው። አሁን አምስተኛ ክፍል ናት። እናቴን «እማ» ትላለች፣ እኔን «ዘይነብ»። ትናንት እንግዳ ፊት ዘይነብ ጨው አቀብይኝ አለችኝ። እንግዳዋ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ጓሮ ወጥቼ ብሩሹን አነሳሁ።

ማዳም ቤት ትልቅ የዓሣ መስታወት ነበር። የማጥበው እኔ፣ የማበላው እኔ። አዲስ እንጨት ከሱቅ ሲመጣ የምቀቅለውም እኔ። ትሉ እንዲሞት፣ ቀለሙ እንዲወጣ፣ ውሃ ጠጥቶ እንዲሰምጥ። ሌላው ከዐረብ አገር ወርቅ ያመጣል፤ እኔ በቀሚስ ጠቅልዬ ያመጣሁት አየር የምትነፋ ትንሽ ሞተር ነው። መስታወቱን መስኮት የሚሠሩት ልጆች ገጣጠሙልኝ። ሳሎን ቆሟል፣ ባዶውን።

አሁን ችግሩ ድስት ነው። ቤታችን ካለው ሁሉ አንዱ ቀንድ ሲገባ ሌላው ይወጣል። መጋዝ አለ። ግን ቀንዱ ከተቆረጠ ሀያት ያየችው እንጨት አይሆንም።

ማክሰኞ፣ መስከረም 25። ከሰዓት በኋላ።

አደረግኩት።

እናቴ እህቷን ልትጠይቅ ውጫሌ ሄደች። ጓዳ ገባሁ። የቅሬውን ጎላ ድስት አወጣሁ።

ቅሬ እንግዲህ የሰፈሩ ነው፤ ሰው ሲሞት የሚቀብር፣ ሐዘንተኛ የሚያበላ። ድንኳኑም ሰሃኑም ድስቱም የሁሉም ነው፣ የማንም አይደለም። የሚቀመጠው እናቴ ጋ ነው። ዕቃ ጠባቂ ናት፣ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ። ለሠርግ እንኳ አትሰጥም። አንዴ የሙሽራ አባት ለምኖ ለምኖ ባዶ እጁን ተመልሷል። የሐዘን ዕቃ ለሐዘን ነው፣ የቅሬው ዳኛ ሳያዝ ከጓዳ አይወጣም።

ጎላው ሁለት ጆሮ አለው። ሁለት ሴት ይዞ ነው የሚሸከመው። እኔ ብቻዬን አንከባለልኩት። ደረጃው ላይ ተፋቀ፣ ድምፁ ጥርስ ያማል።

እሳት አነደድኩ። እንጨቱ ልክክ አለ፣ ከነቀንዱ። ውሃው መጀመሪያ ሻይ መሰለ። እሱን አውቀዋለሁ፣ ማዳም ቤትም እንዲሁ ነበር። ከዚያ ግን ሽታ መጣ። አናጢ የጥድ ወራጅ ሲሰነጥቅ የሚሸት ሽታ። ማዳም ቤት እንዲህ ያለ ሽታ አልነበረም። ያልፋል አልኩ። ውሃ ደፍቼ ቀየርኩ። አላለፈም።

ጎረቤታችን እትዬ አሚናት በአጥሩ በኩል ተጣሩ፤ ምን እያፈላሽ ነው ይኼን የሚሸት አሉኝ። ብርድ ልብስ ላጥብ ውሃ እያሞቅኩ ነው አልኩ። ምላሴ ሳትደናቀፍ። መረቁኝ ደግሞ። እጅሽ አይድከም፣ አላህ ያቆይሽ ለእናትሽ ብለው ገቡ።

ሀያት ከት/ቤት መጣች። ድስቱን አየች። እኔን አየች። ዕቃውን እንደ እናቴ ነው የምታውቀው፣ እዚህ ቤት አይደል ያደገችው። ለእማ እንዳትነግሪ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። አጠገቤ ቁጢጥ ብላ እሳቱን ቆሰቆሰች።

የማፍርበት ይኼ ነው ደብተርዬ። ደስ አለኝ። ሁለታችን ብቻ የምናውቀው ነገር ስላገኘን ደስ አለኝ።

ረቡዕ፣ መስከረም 26።

ድስቱ ውስጥ ዙሪያውን ጥቁር ቀለበት ተጣብቋል። ሙጫ ነው፣ ጣት ይይዛል። በአመድ፣ በአሸዋ፣ በሎሚ። ትናንት እናቴ እስክትመጣ ፈገፈግኩ። ዛሬ ጎረቤት ስትሄድ ደግሜ ፈገፈግኩ። አፍንጫዬን ከትቼ አሸተትኩ። ሎሚ ብቻ። ጓዳ መልሼ ደፋሁት፣ እንደነበረ።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር። የኔ ነገር።

ዓርብ፣ መስከረም 28። ከጁምዓ በኋላ።

እንጨቱ አልሰምጥ አለ። በርሜል ውስጥ ድንጋይ አስሬበታለሁ። ውሃውን በየቀኑ እደፋለሁ፣ እየነጣ ነው። ሽታውም የለም። ወይም ለምጄዋለሁ።

ዛሬ ከሀያት ጋር ሐይቁ ዳር ወረድን። አንድ ዓሣ አጥማጅ ከመረቡ ጣት የማያህሉ ቆሮሶ ዓሣዎች በጄሪካን ሰጠን። ምን ልታደርጊያቸው ነው፣ ለወጥ አይበቁ፣ ብሎ ሳቀብኝ። ሀያት ለማየት ናቸው አለችው፣ ኮስተር ብላ። ለኔ ወግና ተናገረች! ስንመለስ ጄሪካኑን በየተራ ያዝን። የማዳምን ዓሣዎች ጠየቀችኝ፣ ቀለማቸውን፣ ይናከሱ እንደሆነ። እኔ ሳወራ እሷ ስትስቅ ቤት ደረስን። መንገዱ አጠረብኝ።

እሑድ፣ መስከረም 30። ከምሳ በፊት።

ሰመጠ! ቀንዳሙ መስታወቱ ውስጥ ገብቶ ታች ተኝቷል፣ አሸዋ ለብሷል። ዓሣዎቹ በቀንዶቹ መሃል ይሽሎከለካሉ። ሀያት ፊቷን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ቁርስ እምቢ አለች።

ጎረቤት ሁሉ መጥቶ አየ። እትዬ አሚናትም ሱብሃነላህ እያሉ። አንዷ ታዲያ፣ ስሟን አልጽፍም፣ የእገሌ ልጅ ከኩዌት ፎቅ ሠራ፣ ዘይነብ ዓሣ አስራ መጣች አለች። ሳቅ። እናቴ ቆጣ ብላ ልጄ በጤና መጣችልኝ፣ ፎቁን ምን ላደርገው አለች። እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ። እውነት አይደል? ቤት አልሠራሁም። ልጄን አላሳደግኩም።

ጓደኛዬ ከጅዳ ድምፅ ልካለች። አዲስ ማዳም አለች፣ ሰው ትፈልጋለች። ደላላው የሚጠብቀው የኔን ቃል ነው። በስልክ አስብበታለሁ አልኳት። ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ ያወራሁት። ኔትወርኩ ደካማ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 3። ማታ፣ ከመግሪብ በኋላ።

እትዬ አሚናት ሞቱ። ኢና ሊላህ። ደም ግፊት ነበረባቸው። ሱብሂ ሰግደው ተቀመጡ፣ በዚያው።

ቅሬው ተጠራ። ዳኛው አያ ሁሴን ዕቃ ይውጣ አሉ። ጎላውን አንዱን ጆሮ እኔ ያዝኩ፣ አንዱን እናቴ። ስንዴና ሽምብራ ተጣደ፣ የለቅሶ ንፍሮ። መፍላት ሲጀምር ሽታው መጣ። እኔ ቀድሜ አሸተትኩ። ሌሎቹ ጭሱ ነው አሉ።

ቀባሪው ከመቃብር ተመለሰ። ንፍሮው ዞረ። አንድ ሽማግሌ ጎረሱና ቆሙ። ሰው ፊት መትፋት ነውር ሆኖባቸው በፎጣቸው ጫፍ አወጡት። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሁሉም። መራራ፣ ጥድ ጥድ የሚል፣ አፍ ውስጥ የሚለጠፍ። የሟቿ ልጅ ሰአዳ ሰሃኑን ይዛ እንደቆመች ቀረች። የእናቷ ንፍሮ ተተፋ።

ሴቶቹ ድስቱን ከበቡት። ምን ነካው ይኼ ድስት? እናቴ መሃላቸው ገባች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፦

«ወላሂ! ከጓዳዬ አልወጣም። ካለፈው ሐዘን ወዲህ የሰው እጅ አልነካውም፣ ወላሂ!»

በአላህ ማለች። አይታ ሳይሆን አምና። እኔ ቆሜያለሁ፣ ትሪ ይዤ፣ አሥር እርምጃ በማይሞላ ቦታ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። አልዋጠችኝም። ትሪውን ይዤ ማጀት ገባሁ።

ጎረቤት ካለው ዳቦና ቆሎ ተለቃቅሞ ሰው ቀማመሰ። ንፍሮው ተደፋ።

ለእትዬ አሚናት የነገርኳቸው የመጨረሻ ነገር የብርድ ልብሱ ውሸት ነው። እሳቸው መረቁኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 6።

እናቴ ከቤት አትወጣም። ድስቶቹን አውጥታ ታጥባለች፣ ታሰጣለች፣ ታሸትታለች፣ ደግማ ታጥባለች። እጄ አርጅቶ ነው፣ በደንብ ሳላጥበው መልሼው ነው ትላለች። ለራሷ። ሴቶች ይመጣሉ፣ ስለ ዝናብ ያወራሉ፣ ይሄዳሉ። ጓዳው ለሌላ ይሰጥ የሚል ወሬ አለ። ከዚያም የባሰ አለ፤ የቅሬ ዕቃ ያበላሸና የዋሸ ከቅሬ ይወጣል የሚል። ከቅሬ የወጣ ሰው ሲሞት ማን ይቀብረዋል?

ዓሣዎቹም ልክ አይደሉም። አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ይከፍታሉ ይዘጋሉ። ውሃው ላይ ዘይት የመሰለ ነገር ተንሳፏል። ሞተሯ ትሠራለች፣ መብራትም አልጠፋም። እንጨቱ ነው። ጥድ ነው፣ ሙጫው ገና አላለቀም። ማዳም እንጨቷን ከሱቅ የምትገዛው ለካ ለቅንጦት አልነበረም፤ የማይሆነው ተለይቶ ቀርቶ ነው። እኔ መቀቀል ብቻ አይቼ መቀቀል ብቻ ተማርኩ።

ላወጣው ይገባል። ካወጣሁት ግን ለምን ብለው ይጠይቃሉ። እንግዲህ እስከዚህ ነው የወረድኩት። ዓሣዎቹ ይታፈኑ፣ እኔ አልጠየቅ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 8። ከዐስር ሶላት በኋላ።

አያ ሁሴን ሁለት ሴቶች አስከትለው መጡ። ቁጣ የለባቸውም። ተቀምጠው፣ ዱዓ አድርገው፣ እትዬ ሀዋ እስቲ አስታውሺ፣ ሰው ገብቶ ይሆናል፣ አንከስሽም አሏት። እናቴ እንደገና መሐላ ጀመረች። ድምጿ ተሰበረ። እኔ ለእንግዶቹ የእጅ ውሃ አስታጥባለሁ።

ሀያት ከበሩ «እኔ ነኝ» አለች።

ሁሉም ዞረ። ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ናት። የጥድ ቅጠል ለጨዋታ ቀቀልኩበት አለች። እማ ውጫሌ የሄደች ቀን። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ ቃል በቃል፣ አጥንታ የመጣች ይመስል።

እናቴ ተነስታ በጥፊ መታቻት። በዕድሜዋ ነክታት የማታውቅ እናቴ።

ሴቶቹ መሃል ገቡ፣ ተይ ልጅ ናት፣ ልጅ ናት። አያ ሁሴን ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ሁሉም ቀለለው። ልጅ ከሆነ ነገሩ አለቀ፣ ማንም አልዋሸም፣ ማንም ከቅሬ አይወጣም። ሳቅ እንኳ ተሳቀ።

እኔስ? ማንቆርቆሪያውን ይዤ ነበር። ውሃው ከሳህኑ አልፎ ምንጣፉን አራሰው። አፌን ከፈትኩ፣ እንደዚያ ዓሣ። ምንም አልወጣም።

ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እኔ ሠላሳ ሁለት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9። ጠዋት።

ት/ቤት አልሄደችም፣ ጉንጯ ስላበጠ። ከቤት ኋላ አገኘኋት። ለምን አልኳት።

በአውራ ጣቷ አፈር እየጫረች፣ ሰው ካሳፈረሽ ትሄጃለሽ አለች። ለሴትዮዋ በስልክ አስብበታለሁ ስትያት ሰምቻለሁ።

ይኼው ነው። የተመታችው እንዳልሄድባት ነው።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉኛል። የኔ ይብሳል። የብብቴ የነበረውን ዓይቼው አላውቅም ነበር፣ ቆጥ ቆጡን ሳይ። በእንጨትና በመስታወት ላባብላት ደፋ ቀና ስል፣ እሷ የምትፈልገው እዚህ መኖሬን ብቻ ነበር።

ላቅፋት ፈልጌ ነበር። ምን ፊት አለኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። አልተነሳችም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 11።

እንጨቱን አወጣሁት። ዓሣዎቹ ግማሾቹ ሞተዋል። የተረፉትን በጄሪካን ይዤ ሐይቁ ወረድኩ። አጥማጁ አየኝ፣ አሁን አልሳቀም። ሲለቀቁ ትንሽ ጎን ለጎን ዘመሙ፣ ከዚያ ሸምበቆው ውስጥ ገቡ። ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም።

ተመልሼ ለእናቴ ነገርኳት። ስንዴ እየለቀመች ነበር። ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ መንከባለሉን፣ ሙጫውን፣ ሎሚውን። እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። ድስቴን ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። መሐላዬን ትላለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ስመታት ቆመሽ ነበርሳ» አለች። «ቆመሽ እያየሽ።»

አለቀስኩ፣ እሷ አላለቀሰችም። ቆይታ ሀያትን ጠራች። ጉያዋ ሸጎጠቻት፣ ያበጠውን ጉንጭ በመዳፏ ይዛ ብዙ ቆየች። አብሽሪ፣ አብሽሪ የኔ ልጅ። እኔ ከበሩ ወዲህ ቆሜ አየሁ። የኔ ቦታ ለጊዜው በሩ ነው።

ኋላ ለመሐላዋ ከነገ ጀምራ እንደምትጾም ነገረችኝ። ሳታውቂ ነው የማልሽው፣ ኃጢአቱ የኔ ነው አልኳት። በስሙ ምያለሁ አለች፣ እንዲሁ አይታለፍም። እንግዲህ እኔም እጾማለሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 12። ከጁምዓ በፊት።

ቅሬው ከሶላት በኋላ ዋርካው ሥር ይቀመጣል። እሄዳለሁ።

የምለውን ጠዋት ለራሴ ተናገርኩት። መጀመሪያ ረጅም ነበር። ጅዳም ነበረበት፣ ማዳምም፣ ልጄን ላስደስት ብዬ ነው የሚልም። ሁሉንም አወጣሁ። የቀረው፦ ድስቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ እናቴ ሳታውቅ ነው የማለችው፣ ልጄ ያለጥፋቷ ተመታች፣ እኔ ዝም አልኩ። ሰአዳ ካለች ፊቷ ቆሜ ስለ እናቷ ንፍሮ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ እላታለሁ። ጓዳውን ቢነሱን ይነሱን። ከቅሬ ቢያወጡኝ፣ እኔን ብቻ ያውጡ እላለሁ። ቀባሪ ማጣት ቀላል ነገር አይደለም ደብተርዬ።

ለጓደኛዬም አልመጣም ብዬ ላክሁ። አጭር። ምነው ምን ሆንሽ አለች። በኋላ እነግርሻለሁ።

ጎላውን ከጓዳ አወጣሁት። ዐይተው እንዲፈርዱ ይዤው እሄዳለሁ። እንጨቱን ውስጡ አደረግኩት፣ ቀንዶቹ ብቅ ብለዋል። ብቻዬን ላነሳው ብል ከጉልበቴ አላልፍ አለ። ያን ቀን አንከባልዬው ነበር። ዛሬ በሰፈሩ መሃል ማንከባለል አልፈልግም። እናቴን እንዳልጠራ ጾም ይዛለች፣ ደግሞም ይኼ የሷ ሸክም አይደለም። ጎረቤት ልጠራ እንዴት ብዬ? ግራ ቢገባኝ ገብቼ ካንቺ ጋር ተቀመጥኩ፣ አዛን እስኪል።

ሀያትን ቤት ሁኚ ብያታለሁ። ሰው ፊት ደግማ እንድትቆም አልፈልግም። አሁን በመስኮት አያታለሁ። ነጭ ሻሿን አስራለች። ጎላው አጠገብ ቆማለች። አንዱን ጆሮ በሁለት እጇ ይዛዋለች፣ ጎንበስ ብላ። ወደ ቤት ዞራ ትጣራለች፦

«ዘይነብ! ብቻዬን ልሸከመው ነወይ?»

መጣሁ።